የሉዊዚያና ክሪኦል ስሞች፦ «ዘር» የሚለው ዓምድ ለምን ከሠንጠረዡ ወጣ

የሉዊዚያና ክሪኦሎችን (በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት ከቅኝ ግዛት ዘመን ሰፋሪዎችና ከአፍሪካውያን የተወለዱትን) የቤተሰብ ስም የምንመዘግብበት ሠንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ዘር» የሚል ዓምድ ነበረው። ሜቶዬ ፈረንሳይ፣ ማርቲኔዝ ስፔን፣ ሄይዴል ጀርመን እየተባለ ይሞላ ነበር። ያ ዓምድ ወጥቷል። ስም የሚያሳየው አንድ ሰው ከየት እንደመጣ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በአራተኛው ትውልድ ከአሥራ ስድስት ቅድመ አያቶች አንዱ ነው። አሁን በምትኩ ሦስት ዓምዶች አሉ፦ የስሙ ቋንቋ፣ ስሙን ይዞ የመጣው ሰው፣ የእናት ወገን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜቶዬን እንይ። ክሎድ ቶማ ፒየር ሜቶዬ የላ ሮሼል ሰው፣ ፈረንሳዊ ነው። በሉዊዚያና በኬን ሪቨር ወንዝ ዳር የተስፋፋው ክሪኦል ቤተሰብ ግን እናቱ ማሪ ቴሬዝ ኳንኳን ናት፤ በ1742 ናኪቲሽ ውስጥ በባርነት ተወለደች፣ ለሜቶዬ አሥር ልጅ ወለደች፣ በ1778 ነጻ አወጣት። ተመራማሪዎች «ኳንኳን»ን በምዕራብ አፍሪካ የኢዌ ቋንቋ ተናጋሪዎች ለሁለተኛ ሴት ልጅ ከሚያወጡት ስም ጋር ያዛምዱታል። ለአፍሪካዊው ወገን ፍንጭ የሚሰጠው ይህ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም ሆኖ የወረደው ግን የላ ሮሼሉ ነው። የእናት ወገን ዓምድ ባዶ ከቀረ ሥራው ግማሽ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

አጻጻፍ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የሕዝብ ቆጣሪው የሰማውን ይጽፋል፤ ስለዚህ አንዱ ቤተሰብ በአምስት ዓይነት ሆሄ ይገኛል። ለዚህ የራሳችን ፊደል ጠቅሞናል፦ ስሙን እንደሚነገረው በግዕዝ ፊደል መጻፍና በዚያ መደርደር። በላቲን መጨረሻቸው የሚለያይ ሦስት አራት አጻጻፎች በእኛ ፊደል «ቲቦዶ» ብለው አንድ ረድፍ ላይ ይገባሉ። በሆሄ ስህተት ስም የሚለያየው በድሮ ዘመን ብቻ አይደለም። «ቢዮንሴ» የዘፋኟ እናት የቲና ኖውልስ የአባቷ ቤት ስም ነው፤ በልደት ወረቀት ላይ ግን ወንድምና እህት በተለያየ ሆሄ ተመዝግበዋል።

ዘዴው የማይሠራው ስሙ ሲተረጎም ነው። ከ1721 ገደማ ጀምሮ ከኒው ኦርሊንስ በላይ፣ «የጀርመኖች ዳርቻ» በተባለው ቦታ የሰፈሩት ጀርመኖች ስሞቻቸው በፈረንሳይኛ ጆሮ ተለወጡ፤ ትሮክስለር ትሮስክሌር ሆነ፣ ሁበር ኡብር። እነዚህን ድምፅ ያገናኛቸዋል። ጽቫይግ ግን «ላብራንሽ» ሆነ፤ ሁለቱም ቅርንጫፍ ማለት ነው፣ በድምፅ ፈጽሞ አይገናኙም። የተተረጎሙትን ለብቻ ያዙ። ወደ እንግሊዝኛ የተጠጉም አሉ፦ የጃዝ ፒያኒስቱ ጄሊ ሮል ሞርተን ሲወለድ ላሞት ነበር፤ «ሞርተን» የእንጀራ አባቱ ስም፣ «ሙቶን»፣ ተለውጦ ነው።

አንትዋን፣ ባቲስት፣ ናርሲስ የሚሉ የቤተሰብ ስሞች ለኛ አንባቢ አይከብዱም። እንደኛ የአባት ስም ነበሩ፤ አንድ ትውልድ ላይ ቆመው ቀሩ። አገር ፍለጋ ጊዜ አታጥፉባቸው፤ የሚፈለገው ስሙ የቆመበት ትውልድ ነው።

ፍለጋው ከ1950 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ወደ ኋላ ይሄዳል። የ1890ው አብዛኛው በ1921 ቃጠሎ ስለጠፋ ከ1900 ወደ 1880 መዝለል ግድ ነው፤ በመካከሉ ያሉትን ሃያ ዓመታት በክርስትናና በጋብቻ መዝገብ ሙሉ። 1870 ላይ፣ ባርነት ከቀረ በኋላ በነበረው የመጀመሪያው ቆጠራ፣ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ሰውየው በ1860 ቆጠራ በስሙ ከተገኘ ነጻ ነበር። ካልተገኘ ምናልባት በባሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ብቻ ሲሆን የባሪያው ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ይከተላል። የ1870ውን ስም ይዞ ወዲያው «ጌታው እገሌ ነው» ማለት የተለመደ ስህተት ነው፤ ስሙ የቀድሞ ጌታ፣ የአባት ወይም በምርጫ የተያዘ ሊሆን ይችላል።

በቆጠራ ቅጽ ላይ የሰውን ዘር የምታመለክተውን ፊደል በጥንቃቄ ያዙ። የፖፕ ሊዮ 14ኛ የእናት አባት ጆሴፍ ማርቲኔዝ በ1900 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ «ጥቁር»፣ የትውልድ ቦታው «ሄይቲ» ተብሎ ተመዘገበ። በ1920 ቺካጎ ላይ ቤተሰቡ «ነጭ» ነው። ሰዉ አልተለወጠም። በዚያ ላይ የ1900 ቅጽ «ክልስ» የሚል ምርጫ አልነበረውም፤ በ1880 ነበረ፣ በ1910 ተመለሰ። ስለዚህ በ1880 «ክልስ» የነበረ ሰው በ1900 «ጥቁር» ቢባል ቅጹ ነው የተለወጠው፤ ሌላ ሰው ነው ብላችሁ አትጣሉት።

ከእነዚህ ቆጠራዎች በፊት ላለው ዘመን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መዛግብት ይሻላሉ። ሉዊዚያና በስፔን ሥር በነበረችበት ዘመን ዣን ሁዋን፣ ፒየር ፔድሮ ተብሎ ይጻፋል፤ «ሁዋን» ያለበት ሁሉ ስፔናዊ አይደለም። የክርስትና አባትና እናትንም ቅዱ፤ ብዙ ጊዜ ዘመድ ናቸው። ነጻ ለወጡት የነጻነት ውል ኖተሪ (ውል አጽዳቂ) ዘንድ ይፈለጋል፤ እናትየዋ ስሟ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

በባሪያዎች ዝርዝር ላይ «ክሪኦል» የሚለው ቃል የዘር ስም ሳይሆን «እዚሁ ቅኝ ግዛት የተወለደ» ማለት ነው። ከአፍሪካ የመጡት «ባምባራ»፣ «ሚና»፣ «ኮንጎ» ይባላሉ፤ ሉዊዚያና ውስጥ «ባምባራ» የሚለው ለተለያዩ አፍሪካውያን በልቅ ይሠራበት ነበር። በሠንጠረዡ ላይ እንዲህ ያለውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ፣ ከሰነዱ ዓይነትና ዓመት ጋር ጻፉት።