«እኔ አልሄድም» ያለው ልጄና የላንጋኖ አዳር

ከጀርመን ጠቅልለን ገብተን አራት ኪሎ ቤት ከተከራየን ወዲህ ልጄ ብዙ ነገር ለምዷል። የታክሲ ግፊያውን፣ የመብራት መጥፋቱን፣ የሰፈሩን ኳስ። ትምህርት ቤቱ ክፍላቸውን ላንጋኖ ወስዶ ሊያሳድር ነው ሲባል ግን «እኔ አልሄድም» አለ። በቃ።

ዘመድ ሁሉ ላንጋኖን ያሞግስለት ገባ። አጎቱ ቢልሃርዚያ የለበትም ይባላል፣ ሰው ይዋኝበታል አለው። ልጁ ፎቶውን አይቶ «ውሃው ለምን ቡናማ ሆነ?» ብሎ ጠየቀና ዝም አለ። የጨነቀው ሐይቁ አልነበረማ።

እናቴ በበኩሏ «ልጅ ውጭ አያድርም፤ ምን ጎድሎበት?» ትላለች። ይገባኛል፤ እኛ ስናድግ ከቤት ውጭ የሚታደረው ዘመድ ጋ ብቻ ነበር። ጀርመን ግን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ክፍሉ አብሮ ሄዶ ማደሩ የተለመደ ነው። እኔ እንዲሄድ የፈለግኩት ግን ለሌላ ነው። ይሄ ልጅ አንድ ጊዜ ሻንጣ ተዘግቶ ቤቱም፣ ጓደኞቹም፣ አልጋውም ቀርተውበታል፤ አባቱም ለሥራ እዚያው ነው ያለው። ከቤት ወጥቶ መመለስ እንዳለ በራሱ ሰውነት እንዲያውቀው ፈለግኩ።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ በስድስት ኪሎ በኩል በእግራችን ነው የምንመጣው። ልጅ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ይዘጋል፤ ጎን ለጎን እየሄደ ግን ያወራል። «ለምን አትሄድም?» አላልኩትም። «እስቲ ሌሊቱን ንገረኝ፤ እራት ከበላችሁ በኋላ ምን ይሆናል?» አልኩት። ያኔ ወጣ። ሽንቱ ሲመጣ ማንን እንደሚቀሰቅስ አያውቅም። መብራት ቢጠፋስ? ከዚያ ደግሞ፦ «በጨለማ ሲስቁ በእኔ አማርኛ ይሁን በሌላ ነገር አላይም።»

ይሄን ከሰማሁ በኋላ ሥራው ቀለለ። ባትሪ ገዛንለት፣ ራሱ መርጦ። ቲቸሯን ለብቻዋ አግኝቼ ነገርኳት፤ ሌሊት የት እንደምትተኛ ለእሱ በቀጥታ እንድትነግረው ጠየቅኳት። አብሮት ኳስ የሚጫወተው ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲሆን አደረገች። ከዚያ በፊት እህቴ ቤት ያለእኔ አደረ፣ ስልክ ሳንደዋወል። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የልጆችን የቤት ናፍቆት ያጠኑት ክሪስቶፈር ተርበርና ኤድዋርድ ዋልተን በ2007 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ የሚመክሩት ነው፤ ልጁ በውሳኔው ይሳተፍ፣ ቀድሞ ከቤት ውጭ ይለማመድ ይላሉ።

ሌላም ይላሉ፦ «ከጠላኸው መጥቼ እወስድሃለሁ» ብላችሁ ቃል አትግቡ። እዚህ ላይ ከባለቤቴ ጋር በስልክ ተከራከርን፤ አንጀቱ ስላልቻለ ይሄንኑ ሊለው ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ልጁ ከዚያ ቃል የሚሰማው «አትችልም» የሚለውን ነው፤ ደሞም ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሌሊት ማን ሊሄድ? በምትኩ ሆዱ ቢባባ ምን እንደሚያደርግ አብረን ተነጋገርን። ለቲቸር ይነግራል፣ ለአባቱ በወረቀት ይጽፋል፣ ጓደኛውን ያዋራል።

የሄዱ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርን። እናቴ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ ጋቢዋን ሁሉ ከትታለታለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ላንጋኖ ግን ወደ 1,600 ሜትር ወርዶ ሞቃት ነው ብላት ማን ሰምቶኝ። ስሜው ቶሎ ዞርኩ። እዚያ ቆሞ ማልቀስ ለልጁ ሸክም ነው።

ማታ ሆዱ ባብቶበታል። ራሱ ነው የነገረኝ፣ ሳያፍር። ባትሪውን አብርቶ ቲቸሯን ቀሰቀሳት፣ እስኪተኛ አጠገቡ ተቀመጠች። ጠዋት ውሃ ውስጥ ገብቷል። ልጆቹ የሳቁት አንዱ በእንቅልፍ ልቡ ስላወራ ነው አለኝ።

ልጅ ይዛችሁ አገር የገባችሁ፣ የፈቃዱን ፎርም ከመፈረማችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን እነዚህን ጠይቁ፦ ሌሊት ከልጆቹ አጠገብ የሚተኛው ማን ነው? ሽንት ቤቱ ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ? ውሃ ዳር የሚጠብቃቸውስ? መልሱን ለልጁም ንገሩት።