እማዬና የቫይኪንጎቹ ሸራ

እማዬ ዴንማርክ ከመጣች ወዲህ «አገር ሳላይ ልመለስ ነው» እያለች ታማርራለች። እውነቷን ነው። እኔ ሥራ፣ እሷ ቤት። ቅዳሜ ዕለት ሰማዩ ጠራ ሲል ይዣት ወጣሁ። ከኮፐንሃገን ሮስኪልዴ በባቡር ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው።

«እዚያ ደግሞ ምን አለ?»

«የቫይኪንጎች መርከብ፤ በባሕር እየዞሩ ይዘርፉ የነበሩ የድሮ ሽፍቶች ናቸው።»

«ሽፍታ ለማየት ነው ይሄ ሁሉ መንገድ?» አለች። ግን ነጠላዋን ቀድማኝ ለብሳለች።

ከጣቢያው ወጥተን ትንሽ እንደተራመድን ካቴድራሉ ብቅ አለ። ቀይ ጡብ ነው፤ ሁለት ሾጣጣ ማማ አለው። ግንባታው የተጀመረው በ12ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በሮስኪልዴ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ንጉሥ ሃራልድ ብሉቱዝ ነው ይባላል። አዎ፣ ስልካችን ላይ ያለው ብሉቱዝ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ይህን ለእማዬ ብነግራት «ጎሽ» ብላ አለፈችው። እሷን ያስጨነቃት የጫማው ነገር ነው። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ልታወልቅ ስትል «ተይው፣ እዚህ አይወለቅም» አልኳት። ግራ ቀኝ አየች። ሰው ሁሉ በጫማው ይገባል ይወጣል። «ታቦት የለውማ» አለች ለራሷ። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ገባች።

የመቃብሮቹን ነገር አላበዛውም። ወደ 40 የሚጠጉ የዴንማርክ ነገሥታትና ንግሥቶች እዚያ ተቀብረዋል፤ ከተወሰነ በኋላ እብነ በረዱ ሁሉ አንድ ይሆንብሃል። የሚያስቀው የነገሥታቱ ቁመት ምልክት የተደረገበት ዓምድ ነው። ንጉሥ ቀዳማዊ ክርስቲያን 2 ሜትር ከ19 ሴንቲ ተብሎ ተመልክቷል። አጥንቱ ሲለካ ግን 1 ሜትር ከ88 አካባቢ ሆኖ ተገኘ። እማዬ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። «ታዲያ ንጉሥ ሲለካ ማን ደፍሮ ይቀንሳል?»

ከዚያ ሰዓቱ ደረሰ። በምዕራቡ በኩል፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ፣ በ1500 አካባቢ የተሠራ ሰዓት አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምናገረው)። ሰዓት በሞላ ቁጥር በፈረስ የተቀመጠ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ይወጋዋል፤ ዘንዶው ደግሞ ይጮኻል። በእውነት ይጮኻል፤ የታነቀ ነገር ድምፅ ነው የሚያወጣው። ቱሪስቱ ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ይስቃል። እማዬ «ሰማዕቱ!» ብላ አማተበች። «እዚህም ድረስ መጥቷል እንዴ?» ድጋሚ ለማየት ሌላ ሰዓት እንጠብቅ ብላ ነበር፤ መርከቦቹ ይዘጉብናል ብዬ በመከራ ነው ያስወጣኋት።

በመናፈሻው ቁልቁል ወርደን ፊዮርዱ፣ ማለትም ወደ የብስ ዘልቆ የገባው ባሕር፣ ዳር ደረስን። ሙዚየሙ ውሃው አፍ ላይ ነው የተሠራው። አዳራሹ ውስጥ አምስት መርከቦች አሉ፤ ጥቁር እንጨታቸው የመርከብ ቅርጽ በያዘ ብረት ላይ ተደርድሯል። እዚህ የደረሱት ቫይኪንጎቹ ራሳቸው ስላሰጠሟቸው ነው። 1070 አካባቢ፣ ጠላት በባሕር መጥቶ ከተማዋን እንዳይዘርፍ፣ ያረጁ መርከቦቻቸውን ድንጋይ ሞልተው በመተላለፊያው ላይ አሰመጡ። ዘራፊ ዘራፊን ሲፈራ ማለት ነው። በ1962 አርኪዮሎጂስቶች ቦታውን ዙሪያውን በብረት አጥረው፣ ውሃውን በፓምፕ አስወጥተው፣ በሺዎች የሚቆጠር ስብርባሪ ለቀሙ። መጀመሪያ ስድስት መርከብ መስሏቸው ቁጥር ሰጡ። በኋላ ሁለተኛውና አራተኛው የአንድ ትልቅ መርከብ ቁራጮች ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ዛሬ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6 ብለህ ነው የምትቆጥረው፤ 4 የለም።

ያ ትልቁ መርከብ ርዝመቱ 30 ሜትር ያህል ነው፤ የጦር መርከብ ነው፤ 60 ቀዛፊ ይይዛል። የእንጨቱ የዕድገት ቀለበት ሲመረመር ዛፉ የበቀለው ደብሊን አካባቢ፣ መርከቡም የተሠራው በ1042 መሆኑ ታወቀ። ሌሎቹ ግን ሁሉም የጦር አይደሉም። አንዱ ጭነት ይዞ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ነው፤ ሌላው በባሕር ዳር የሚነግድ፤ ትንሹ ደግሞ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነው። የሽፍታ መርከብ ላሳያት ወጥቼ አብዛኛው የነጋዴና የሠርቶ አደር ሆነብኝ።

እማዬ አዳራሹን በአክብሮት ዞረችው፤ ግን አልያዛትም። የያዛት ውጭ ነው። ግቢው ውስጥ የድሮውን ሥራ የሚያሳዩ ባለሙያዎች አሉ፤ በመጥረቢያ ሳንቃ ያስተካክላሉ፣ ገመድ ይገምዳሉ። የቅጥራን ሽታ ከሩቅ ይቀበልሃል። አንድ ጠረጴዛ ላይ የሸራ ቁራጭ ተዘርግቷል። እማዬ በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችው።

«ይሄማ ባና ነው» አለች።

እማዬ የመንዝ ልጅ ናት። በግ ጠጉር ስትፈትል ነው ያደገችው። ሸራው እውነትም ከሱፍ ነው። ቫይኪንጎቹ ባሕር ያቋረጡት በሱፍ ሸራ ነው። ነፋስ እንዳያሳልፍ ሞራና ቀይ አፈር ይቀቡት ነበር። አሸተተችውና «ሞራ፣ ሞራ ይላል» ብላ ወዲያው ነገረችኝ።

ከጠረጴዛው ጀርባ የነበረችው ሴትዮ ቆማ ትፈትላለች። እንዝርቷ በአየር ላይ ተንጠልጥላ ትሾራለች። «ቆማ ነው እንዴ የምትፈትለው!» አለች እማዬ፤ እጇንም ዘረጋች። ሴትዮዋ ሳቅ ብላ ሰጠቻት። እማዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ሱፉን በታትና እንደገና ባዘተችው፤ «በደንብ አልተባዘተም» እያለች። ከዚያ እንዝርቷን ጭኗ ላይ በመዳፏ አሾረችና እጇን ወደ ላይ ሳበች። ክሩ እንደ ጉድ ወጣ። ቀጭን፣ እኩል፣ ሳይበጠስ። ሴትዮዋ ሥራዋን ትታ አጎነበሰች። ገመድ የሚገምደውን ባልደረባዋን ጠራችው። ሁለቱም የእማዬን ጭን ነው የሚያዩት።

ሴትዮዋን ስለ አንድ ትልቅ ሸራ ጠየቅኳት። የዚያ የ30 ሜትሩ መርከብ አምሳያ ተሠርቶ በ2007 ደብሊን ድረስ ሄዷል፤ ሸራው 112 ካሬ ሜትር ነው። ያን የሚያክል ከሱፍ ይሠራ ቢባል የሚፈተለው ክር ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሸራው ከመርከቡ ያላነሰ ጉልበት ይበላል፤ ፈትሉ ደግሞ የሴቶች ሥራ ነበር። እኔ ስለ ቫይኪንግ ስሰማ የኖርኩት መጥረቢያና ጎራዴ ነው። ቀንድ ያለው የራስ ቁር እንኳ፣ ጭራሽ ያልነበረው፣ በየቲሸርቱ ላይ ይሸጣል። እንዝርት ያለበት ቲሸርት ግን የለም። ሱቁ ውስጥ ፈልጌ ነበር።

ማታ እማዬ መሐል ሜዳ ላለችው እህቷ ደወለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ነው ሁሌም የምታወራው።

«ሽፍቶች ነበሩ አለኝ ልጁ» አለቻት። «ሚስቶቻቸው ግን ባለሙያ ናቸው።»

«በጋቸውስ?» አለች አክስቴ።

«በጉን አላሳዩኝም። ጠጉሩ ግን የእኛን ያስንቃል፣ እንዲህ ነው ርዝመቱ» አለች፤ አክስቴ የምታያት ይመስል እጇን ዘርግታ።