በርበሬ የጠበሰው ቴሌቪዥን

ደሴ ውስጥ ከእኔ ሌላ አሮጌ ፕሮጀክሽን ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ካለ እባካችሁ አገናኙኝ፤ ብቻዬን እብድ መባል ሰልችቶኛል። እነዚያ ጀርባቸው ያበጠ፣ ስስ ስክሪን መጥቶ ከገበያ ያባረራቸው ግዙፎች ናቸው ሱሴ። ይህኛውን ያገኘሁት ኮምቦልቻ፣ አንድ ሆቴል ጓዳ ውስጥ ነው። ድሮ ኳስ ያሳዩበት ነበር። ባለቤቱን ዋጋ ብጠይቀው "አንተ ብቻ ከዚህ አንሳልኝ" አለኝ። በአይሱዙ ጭነን ሐረጎን ስንወጣ ረዳቱ በየመታጠፊያው ዞር እያለ "ወንድሜ፣ እውነት ቴሌቪዥን ነው? ሬሳ እንዳታሸክመን" ይለኛል። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ስለሆነ አልፈረድኩበትም።

ለማያውቀው፦ ሆዱ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያበሩ ባለ 7 ኢንች ሦስት ቲዩቦች አሉ። እያንዳንዱ ምስሉን በሌንስ አሳልፎ ትልቅ መስታወት ላይ ይወረውራል፤ መስታወቱ ደግሞ መልሶ ስክሪኑ ጀርባ ላይ ያሳርፈዋል። ሦስቱ ልክ ከተደራረቡ ሰው ይታያል፤ ካልተደራረቡ ሌላ ጉድ ነው፣ እመለስበታለሁ። ቲዩቦቹ ስለሚግሉ ፊታቸው ላይ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለ፣ ኤቲሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የተቀላቀለበት። ሲያረጅ ይደፈርሳል፣ ሻጋታ ያበቅላል። የእኔው ሰማያዊ ቲዩብ ጉሽ ጠላ መስሎ ነበር።

አከራዬ እማማ ይህን ሥራዬን አይወዱትም። አንድ ቀን በጨዋታ መሐል ቲዩቡ ውስጥ 30 ሺህ ቮልት ገደማ እንዳለ ነግሬያቸው፣ ከዚያ ወዲህ በክፍሌ በር ሲያልፉ ግድግዳ ግድግዳውን ሆነዋል። የቀዳሁት ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ሃይላንዱ ላይ በትልቁ "መርዝ" ብዬ ጽፌ ቆልፌበታለሁ፤ እሱንም አይተውብኛል። ብቻ የሚፈራውን ሁሉ ፈርተው ጨርሰዋል። ያልፈሩት አንድ ነገር ቢኖር ፕላስቲኩን ነው።

ፕላስቲክ የምለው ከስክሪኑ የውስጠኛውን ንጣፍ ነው፤ ፍሬኔል ይባላል። ላዩ ላይ በጥፍር ካልተዳሰሰ የማይታወቅ ክብ ክብ መስመር አለው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ይህን ዓይነት ሌንስ ለባሕር ዳርቻ መብራት ማማ ከሠራው ፈረንሳዊ ነው። ቴሌቪዥን ውስጥ ሲሆን የሚበተነውን ብርሃን ቀጥ አድርጎ ወደ ተመልካች ይልካል። ፀሐይ ላይ ከወጣ ግን ሥራው ይገለበጣል፤ ቀጥ ብሎ የመጣውን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። ይህን ስለማውቅ አጥቤ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ በረንዳው ጥላ ሥር አስተኝቼው ገባሁ።

ወሩ ህዳር ነው። እማማ ግቢው መሐል ማዳበሪያ ዘርግተው በርበሬ አስጥተዋል። ዶሮዎቹ እየገቡ ይጭሩባቸዋል። እማማ ዞር ዞር ቢሉ ያ ሰፊ ፕላስቲክ ሥራ ፈትቶ ተኝቷል። ጋቢውን አጥፈው አስቀመጡና፣ ፕላስቲኩን ሁለት በርጩማ ላይ አስደግፈው ለዶሮ አጥር አደረጉት። ከዚያ ወደ ጓዳ።

አራት ሰዓት ገደማ ጭንቅላቴን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ከትቼ ስሠራ ማስነጠስ ጀመረኝ። ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቲዩቡ ነው ብዬ ሶኬት ልነቅል ብሮጥ ሶኬቱ ድሮም አልተሰካም። ስወጣ በርበሬው ላይ ዓይን የማያስቆም ነጭ ብርሃን አርፏል፤ ስሙኒ ብታክል ነው። ፀሐይዋ በሄደች ቁጥር እሷም ዝግ እያለች ትሄዳለች፤ ከኋላዋ ጥቁር መስመር ትታለች፣ ማዳበሪያው ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ዛላው ይንጣጣል። ጢሱን አትጠይቁኝ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጠፍተዋል፤ እማማ ጓዳ በር ላይ በሳል ተይዘው ፕላስቲኩን በጣታቸው ያሳዩኛል።

ጋቢውን አንስቼ ሳልደርስ የግቢው በር በርግዶ ተከፈተ። ጎረቤት ሁሉ ነው፤ ከፊት ሐጂ። "ኧረ ልቀቁት! በዚህ ዘመን ልጅ በበርበሬ ይታጠናል?" እያሉ ነው የገቡት። የሚታጠነውን ሕፃን ፍለጋ ጓዳውን፣ ከአልጋ ሥር ሳይቀር አዩ። ያገኙት ግን ጢሜ በእንባና በንፍጥ የራሰ እኔን ነው።

"ምን አጥፍቶ ነው?" አሉ ሐጂ።

"ቴሌቪዥን!" አሉ እማማ፤ ከዚያ በላይ ሳሉ አላስወጣቸውም።

አንዲት ሴት ከአጥር ማዶ "ህዳር ሲታጠን ዛሬ ሆነ እንዴ?" እያለች ትጣራለች። አሥራ ሁለት ቀኑ ገና አልደረሰም።

ፕላስቲኩን ስሸፍነው ሐጂ ግን አላመኑም። "ግለጠው እስቲ" ብለው እጃቸውን ሰደዱና "ወላሂ!" ብለው ዘለሉ። ከዚያ ጭራሮ አስያዙኝ፤ ወዲያው ነደደ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። ሐጂ ወደ እማማ ዞረው "አብሽሪ፣ በርበሬውን ይተካልሻል" ካሉ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ "ከሰል እንዲህ ተወድዶ፣ ይህን ታቅፈህ ዝም ትላለህ?"

በርበሬውን ተካሁ። ፍሬኔሉንም ቦታው መለስኩት። ቴሌቪዥኑ በራ። ጢስ የጠጣው ጎረቤት ሁሉ ኳስ ሊያይ ክፍሌን ሞላው። ቀለሞቹን ገና አላስተካከልኳቸውም ነበርና ቀዩ ተጫዋች ከፊት ይሮጣል፣ አረንጓዴው ይከተለዋል፣ ሰማያዊው ከኋላ ያለከልካል። ሐጂ ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ "ይሄ ቡድን በሠላሳ ሦስት ሰው ነው እንዴ የሚጫወተው?" አሉ።

እማማ በሩ ላይ ቆመዋል። ፊት ለፊት ወንበር ብንለቅላቸው አሻፈረኝ አሉ።

"እዚሁ ይሻለኛል። ያን ሁሉ ፀሐይ ስትጠጣ የዋለች ነገር፣ መቼ እንደምትተፋው በምን አውቃለሁ?"