የአናበርግን የነፋስ ወፍጮ ፍርስራሽ ለክቼ የነደፍሁበት መንገድ

በካሪቢያን ባሕር፣ በሴንት ጆን ደሴት፣ ከጥንቱ የአናበርግ የስኳር እርሻ የተረፈውን የነፋስ ወፍጮ ግንብ ለክቼ ለመንደፍ ሦስት ጠዋት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያው ጠዋት ልፋቴ ከንቱ ቀረ። ቁመቱን ለማወቅ የግንቡን ጥላ ከአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ ጋር አመዛዝኜ ባሰላ ከ14 ሜትር በላይ ወጣልኝ፤ ጥላው ያረፈው ቁልቁል በሚወርድ መሬት ላይ በመሆኑ እንደረዘመ የገባኝ በማግሥቱ ነው። በደልዳላው በኩል ስደግመው ወደ 12 ሜትር ተጠጋ። የግርጌው ስፋት ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ወደ ላይ እየጠበበ ሄዶ አናቱ ላይ 6 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ሁለተኛው ስህተቴ ከሩቅ መንደፌ ነበር። ከሩቅ አንድ ወጥ የድንጋይ ካብ መስሎኝ የነበረው ግድግዳ ቀርበው ሲያዩት የደሴቲቱ ድንጋይ፣ ከባሕር ተቆርጦ የወጣ ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ)፣ እንዲሁም ለመርከብ ክብደት ማመጣጠኛ ተጭኖ የመጣ ጡብ የተቀላቀለበት ነው። ያያያዘው ኖራም ኮራልና ዛጎል ተቃጥሎ የተሠራ ነው። ይህን ሁሉ የቆረጡት፣ የተሸከሙትና የካቡት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው፤ ስለዚህ ንድፉን ጥዬ እያንዳንዱን ድንጋይ በዓይነቱ ለይቼ እንደገና ጀመርሁ።

ግንቡን በትክክል የተረዳሁት ግን የጭማቂውን መንገድ ተከትዬ ቁልቁል ስወርድ ነው። ሸንኮራ አገዳው ቀጥ ብለው በተተከሉ ሦስት ተሽከርካሪ ሮለሮች መካከል ይጨመቃል፤ ጭማቂው ቶሎ ስለሚበላሽ በቦይ በራሱ ክብደት ወርዶ ወዲያው ወደ ማፍያ ቤቱ ድስቶች ይገባል፤ ባጋስ የሚባለው፣ ተጨምቆ የደረቀው የአገዳ ገለባም ለእሳቱ ማገዶ ይሆናል። በመከር ወራት ሥራው ሌሊትም አይቆምም ነበር። በካሪቢያን ወፍጮዎች የደከመ ሠራተኛ እጁ በሮለሩ ሲያዝ ክንዱን ቆርጦ ለማዳን መጥረቢያ ከአጠገብ ይቀመጥ እንደነበር አውቃለሁና፣ በግንቡ ውስጥ ብዙ መቆየት ከበደኝ። ወፍጮን ለብቻው መንደፍ ከንቱ መሆኑን የተማርሁት እዚያ ነው፤ ወረቀቴን ቀጥዬ ቦዩንና ማፍያ ቤቱን ጨመርሁ።

ከግንቡ አጠገብ ሆነው ሲመለከቱ ከጠባቡ ባሕር ማዶ የቶርቶላ ደሴት ይታያል። በእንግሊዞቹ ቶርቶላ የባርነት ማብቂያ ሕግ በ1834 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል፣ ያኔ በዴንማርክ ሥር በነበረችው ሴንት ጆን ግን ነፃነት የመጣው በ1848 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት በጀልባ ተሻግረው ያመለጡ ነበሩ። በመጨረሻው ጠዋት ያንን ዳርቻ በንድፌ ጠርዝ ላይ በቀጭን መስመር አሰፈርሁት።