የቹዋንዡ ተሳላሚዎች

ቹዋንዡ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ ከታይዋን ትይዩ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። የዐረብ ነጋዴዎች ዘይቱን ይሏት ነበር፤ ማርኮ ፖሎም ኢብን ባቱታም በዘመናቸው ከነበሩት የዓለም ወደቦች ከቀዳሚዎቹ ጋር አሰልፈዋታል። ዩኔስኮ በ2021 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በከተማዋና በአካባቢዋ ያሉ 22 ሥፍራዎችን በዓለም ቅርስነት የመዘገበ ሲሆን፣ በእነዚህ ውስጥ መስጊድ፣ የቡድሃ ገዳም፣ የኮንፊሺየስ ቤተ መቅደስ፣ የባሕር እመቤት መቅደስና ማኒ የተባለ ነቢይ የመሠረተው፣ ከሌላው ዓለም የጠፋው ሃይማኖት ሐውልት ይገኙበታል። ለንግድ ወደ ጓንዡ የሚመላለሰው ኢትዮጵያዊ ብዙ ቢሆንም ከገበያውና ከመጋዘኑ ርቆ የሚሄደው ጥቂት ነው። እኔ ሥራዬን እንደጨረስኩ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደውን ፈጣን ባቡር የያዝኩት አንድ ጥያቄ ስለከነከነኝ ነበር። አብዛኞቹ ቻይናውያን በመጠይቅ ሲጠየቁ ሃይማኖት የለንም ይላሉ፤ ታዲያ ቤተ መቅደሱን ሁሉ በእጣን የሚያጥነው ማን ነው?

ጥያቄዬን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቱመን ጎዳና ነው። እዚያ በ1009 የተሠራው የቺንግጂንግ መስጊድ አለ፤ ረጅሙ የድንጋይ በሩ በዐረብኛ ጽሑፍ ያጌጠ ነው፤ ጥንታዊው የጸሎት አዳራሽ ግን ጣሪያው ወድቆ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። በግቢው ውስጥ በ1407 የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ ሙስሊሞችን ማንም እንዳይነካ ያወጀበት ቃል በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። ከመስጊዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ የጓን ዩ ቤተ መቅደስ ይገኛል። ጓን ዩ በሦስተኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ የተገደለ የጦር አለቃ ነው፤ ለጌታው የማይናወጥ ታማኝ ስለነበረ ከሞተ በኋላ መጀመሪያ መንፈስ፣ ቀጥሎም በነገሥታቱ ሹመት ላይ ሹመት እየተጨመረለት አምላክ ሆነ። ዛሬ ነጋዴዎች ቃልን የሚጠብቅ፣ ውልን የሚያጸና ነው ብለው ይሳለሙታል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፖሊሶቹም ወሮበሎቹም የሚሰግዱት ለእሱው ነው ይባላል፤ ሁለቱም ወገን ከምንም በላይ የሚፈራው ክህደትን ስለሆነ አያስገርምም። በቹዋንዡው መቅደስ ጓን ዩ ብቻውን አይደለም፤ በ1142 በግፍ የተገደለው የሶንግ ዘመን ጄኔራል ዩዌ ፌይም አብሮት ይከበራል።

በመቅደሱ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየሁት አንዲት በስልሳዎቹ ዕድሜ የምትገኝ ሴት ስትጠይቅ እያየሁ ነው። መጠየቅ ያልኩት ቃል በቃል ነው። ሴትዮዋ በትራሱ ላይ ተንበርክካ በለሆሳስ ስሟን፣ የምትኖርበትን ቤትና የተወለደችበትን ቀን ከተናገረች በኋላ ጉዳይዋን አቀረበች፤ ከዚያም በቀይ ቀለም የተቀቡ፣ በብዙ እጅ ተዳብሰው ጠርዛቸው የተላጠ ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው እንጨቶችን ወደ ላይ አንስታ ለቀቀቻቸው። እያንዳንዱ እንጨት አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎኑ ጎበጥ ያለ ነው። አንዱ በጠፍጣፋው፣ ሌላው በጎባጣው ካረፉ መልሱ እሺ ነው፤ ሁለቱም ጎባጣቸውን ወደ ላይ ካደረጉ እምቢ ነው፤ ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ካሳዩ ግን አምላኩ ስቋል ይባላል፣ ጥያቄው በደንብ አልተጠየቀም ማለት ነው። ለሴትዮዋ መጀመሪያ የመጣላት ሳቅ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ጥቂት አሰበችና ጥያቄዋን ቀይራ እንደገና ጣለች። እሺታው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲመጣ ተነስታ ከቀርከሃው ማሰሮ ቁጥር ያለበትን ዘንግ መዘዘች፤ በቁጥሩም ከትንንሾቹ መሳቢያዎች አንዷን ከፍታ ግጥም የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ወሰደች። ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዘው የተቀመጡ መነጽር ያደረጉ አዛውንት ግጥሙን ፈቱላት። ጉዳዩ የልጇ ሱቅ ነበር፤ ወደ ሌላ ሠፈር ይዛወር ወይስ ባለበት ይቆይ የሚል።

አብሮኝ የነበረው የጓንዡ ወዳጄ ስትወጣ ጠብቆ፣ «አክስቴ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀልኝ። «እኔ ሃይማኖት የለኝም፤ እጣን ለማጨስ ነው የመጣሁት» አለች፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማን ይጠይቃል በሚል ፊት። ልጇ ከተቃናለት ተመልሳ ፍራፍሬና ዘይት እንደምታመጣ ግን አልደበቀችም። ቁልቢ ወይም ግሸን የተሳለ ሰው ይህን ክፍል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል፤ ስለት ስለት ነው፣ ቃል የተገባለት ወገን ይለያይ እንጂ።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሴትዮዋ የዚህ መቅደስ ምእመን ተብላ የተመዘገበችበት መዝገብ የለም፤ ነገ ልጅ ቢታመምባት ወደ ቡድሃው ገዳም፣ ዘመድ ቢሞትባት ታኦይዝም ወደሚባለው ነባር የቻይና ሃይማኖት ካህን፣ የልጅ ልጅ ፈተና ቢደርስበት ወደ ኮንፊሺየስ መቅደስ ብትሄድ ከሃዲ የሚላት የለም። ይህ የተራው ሕዝብ ልማድ ብቻም አይደለም። ከቹዋንዡ ከተማ በስተምሥራቅ በሚገኘው የሊንግሻን ኮረብታ ጥንታዊ የሙስሊሞች መቃብር አለ፤ የሚንግ ዘመኑ የባሕር አዛዥ ዠንግ ሄ በ1417 ለአምስተኛው ጉዞው ሲነሣ እዚያ እጣን ማጨሱን የሚመሰክር ድንጋይ ቆሟል። ዠንግ ሄ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ ነው። ይኸው ሰው በ1431 በዚሁ ክፍለ ሀገር፣ በቻንግሌ፣ ለባሕሯ እመቤት የምስጋና ድንጋይ አስቀርጿል፤ በስሪ ላንካ ጋሌ በተገኘው ድንጋዩ ላይ ደግሞ በቻይንኛ ለቡድሃ፣ በታሚል ለሂንዱ አምላክ፣ በፋርስኛ ለአላህ ስጦታ ማቅረቡን ጽፏል። ከመርከቦቹ አንዳንዶቹ እስከ ሞቃዲሾና ማሊንዲ ዘልቀዋል። የፖለቲካ ብልሃት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ከቱመን ጎዳናዋ ሴት አሠራር እምብዛም የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም።

በ686 የተመሠረተው የካይዩዋን ገዳም የከተማዋ ትልቁ የቡድሃ ቤት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠሩት ሁለቱ የድንጋይ ማማዎቹ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖራቸው የ1604ቱን ከባድ የምድር መናወጥ ተቋቁመው እስከ ዛሬ ቆመዋል። በዋናው አዳራሽ ጀርባ ያሉት ሁለት ዓምዶች ግን ከማማዎቹ ይልቅ ይገርማሉ፤ የተቀረጹባቸው የሂንዱ አማልክት ናቸው። ቀድሞ በከተማዋ የነበረው የሕንዳውያን ነጋዴዎች መቅደስ ሲፈርስ ድንጋዩ እንዲባክን ያልፈለጉ ሰዎች ለቡድሃው ቤት አዋሉት።

በገዳሙ ግቢ ውስጥ ባለው የኤግዚቢሽን ቤት በ1974 ከቹዋንዡ ባሕረ ሰላጤ ጭቃ የወጣች የ13ኛው መቶ ዘመን መርከብ ትታያለች። የተረፈው አካሏ ወደ 24 ሜትር ይረዝማል፤ ሆዷ በ13 ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ጭነቷም በአብዛኛው ሽቶ እንጨትና ቁንዶ በርበሬ ሲሆን እጣንም ነበረበት። እጣን የሚገኘው ከደቡብ ዐረቢያና ከአፍሪካ ቀንድ ዛፎች እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያሻም። ዛሬም የኢትዮጵያ ሙጫና እጣን ከሚሸጥባቸው አገሮች አንዷ ቻይና ናት። ቹዋንዡ በዚህ ንግድ ከበረች፤ በአሁኑ ጊዜ የቻይና የእጣን ዘንግ ከሚመረትባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ በከተማዋ አስተዳደር ሥር ያለው የዮንግቹን ወረዳ ነው። በየመቅደሱ የሚጨሰው ቀጭን ዘንግ ግን በብዛት ከእንጨትና ከቅመማ ቅመም ዱቄት የሚሠራ ስለሆነ ሽታው ከእኛው ከሰል ላይ ከሚጨሰው የተለየ፣ ለስለስ ያለ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይቋረጥ የመጣ እንዳይመስል መንግሥትን ማንሣት ግድ ነው። በባህል አብዮቱ ዓመታት፣ ከ1966 እስከ 1976፣ መቅደሶች ተዘግተዋል፣ ምስሎች ተሰባብረዋል፣ ብዙዎቹ ሕንፃዎች መጋዘንና ፋብሪካ ሆነዋል። የ1982ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሃይማኖት ነፃነትን ሲሰጥ የሚጠብቀው «መደበኛ» የሃይማኖት ተግባራትን እንደሆነ ያስቀምጣል፤ መደበኛው ምን እንደሆነ የሚወስነው ግን መንግሥት ነው። ዕውቅና ያላቸው አምስት ናቸው፦ ቡድሂዝም፣ ታኦይዝም፣ እስልምና፣ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት። እያንዳንዳቸው በይፋዊ ማኅበር በኩል ይተዳደራሉ፤ የሃይማኖት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ከ2018 ጀምሮ በኮሚኒስት ፓርቲው የተባበረ ግንባር መምሪያ ሥር ገብቷል። ጓን ዩም ሆነ የባሕሯ እመቤት ከአምስቱ በአንዱም ውስጥ በቀጥታ አይገቡም፤ ስለዚህ መቅደሶቻቸው አንዳንዴ በታኦይዝም ስም፣ አንዳንዴ በቅርስነት፣ አንዳንዴም «የሕዝብ እምነት» በሚል የተለየ መዝገብ ይያዛሉ። የቱመን ጎዳና ጉርብትና ደስ የሚል ነው፤ ነገር ግን ከፉጂያን አዋሳኝ በሆነችው በዠጂያንግ ከ2014 እስከ 2016 ከብዙ አብያተ ክርስቲያናት አናት ላይ መስቀል መውረዱን፣ በሰሜን ምዕራብ ቻይና በሺንጂያንግ ያሉ ሙስሊሞችም ምን እንደደረሰባቸው እያወቀ ይህን መንገድ የመላዋ ቻይና መልክ ነው የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

የባሕሯ እመቤት ማዙ ትባላለች። በ960 ከቹዋንዡ በስተሰሜን በምትገኘው በሜይዡ ደሴት ሊን ከሚባል ቤተሰብ ተወለደች፣ በማዕበል የተያዙ ዓሣ አጥማጆችን ታድን ነበር፣ በ987 በወጣትነቷ አረፈች ይላል ትውፊቱ። በቹዋንዡ ያለው መቅደሷ የተመሠረተው በ1196 ነው። ነገሥታቱ የባሕር ንግዱ በሰፋ ቁጥር ማዕርግ ይጨምሩላት ነበር፤ ኩብላይ ካን በ1281 የሰማይ ልዕልት አላት፣ የቺንግ ሥርወ መንግሥት ታይዋንን በያዘ ማግስት ደግሞ የሰማይ ንግሥት ለመባል በቃች። አማልክትን መሾም የመንግሥት ሥራ ሆኖ የቆየበት አገር ስለሆነ የዛሬው ምዝገባም ከሰማይ የወረደ እንግዳ ነገር አይደለም።

በመቅደሷ ግቢ ከሐውልቷ ይልቅ የሳበኝ ግድግዳው ነው። በጥቁር ድንጋይ ላይ የሰጪዎች ስምና የሰጡት ገንዘብ ተቀርጿል፤ አንዳንዱ ከሠፈር፣ አንዳንዱ ከታይዋን፣ አንዳንዱ ከማሌዥያ፣ ከሲንጋፖርና ከፊሊፒንስ ነው። የፉጂያን ሰው ለዘመናት ወደ ባሕር ማዶ ሲሰደድ የማዙን እጣን አመድ በትንሽ ከረጢት ይዞ ይሄድ ነበር፤ ሲደላውም ገንዘቡን ወደ እናት መቅደሱ ይልካል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የፈረሱትን መቅደሶች መልሰው ካቆሙት እጆች አንዱ ይህ ነው። በ1987 ታይዋን ከዋናው ምድር ጋር የነበራት የጉዞ እገዳ ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ፣ በታይዋን የዳጅያ ከተማ ማዙ መቅደስ ተሳላሚዎች በጃፓን በኩል ዞረው ሜይዡ ደርሰዋል። ቤጂንግም የማዙን ክብር የአንድነት ድልድይ አድርጋ ታየዋለች፤ የፓርቲ አባል አማኝ መሆን ባይፈቀድለትም ባለሥልጣናት በሕዝብ ፊት በዓሏን የሚያከብሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሹንፑ መንደር ወረድን። እዚህ የዓሣ አጥማጅ ሴቶች ፀጉራቸውን ጠቅልለው ዙሪያውን በትኩስ አበባ ያጌጣሉ፤ የቤቶቹ ግድግዳ ኦይስተር በሚባል የባሕር ዛጎል ቅርፊት የተገነባ ነው። ከ2023 ወዲህ አበባውን ለመሰካትና ፎቶ ለመነሳት የሚመጣው ቱሪስት መንገዱን አጨናንቆታል። በመንደሩ የማዙ መቅደስ መግቢያ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ወዳጄ እያነበበ ነገረኝ፦ የኦፔራ ቡድኑ ክፍያ፣ የመብራት፣ የጣሪያ ሸክላ፣ የርችት፣ ለአረጋውያን ግብዣ የወጣ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ የገባው። ሒሳቡን የሚይዙት በመንደሩ የተመረጡ ሽማግሌዎች ናቸው። በመጀመሪያው የጨረቃ ወር 29ኛ ቀን ማዙ በመንደሩ ስትዞር እያንዳንዱ ቤት በሩ ላይ ገበታ ዘርግቶ ይጠብቃታል፤ ያልዘረጋ ቤት ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። መንደርተኛውን ሃይማኖቱን ብትጠይቀው ያቺው የቱመን ጎዳናዋ መልስ ናት፤ የየትኛው መቅደስ ሰፈርተኛ እንደሆነ ብትጠይቀው ግን ሳያመነታ ይነግርሃል።

የመጨረሻው ቦታ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በጂንጂያንግ ያለው ፃኦ አን የተባለው መቅደስ ነበር። በሦስተኛው መቶ ዘመን በሜሶጶጣሚያ የተወለደው የማኒ ሃይማኖት በሮም፣ በፋርስና በባግዳድ ተሳዶ ጠፍቷል፤ እዚህ ግን በ1339 ከዓለት ላይ የተቀረጸው የማኒ ምስል እንደ ቡድሃ ተቀምጦ ይታያል። ሲቀርቡት ቡድሃ አለመሆኑ ይለያል፤ ጺሙ ረጅም ነው፣ ፀጉሩ በትከሻው ላይ ወርዷል፣ ከጀርባውም የብርሃን ጨረር እንደ ሞገድ ይፈነጥቃል። ከ1996 ጀምሮ በብሔራዊ ደረጃ የሚጠበቅ ቅርስ ሆኗል። በአካባቢው ካሉ መንደርተኞች አንዳንዶቹ እስከ አሁን በቤታቸው ምስሉን ያኖራሉ። በምስሉ ፊት ብርቱካንና ብስኩት ተደርድሮ ነበር። ወዳጄ ብርቱካኑን የምታስተካክለውን ሴት ምስሉ የማን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «የብርሃን ቡድሃ ነው» አለችው፤ ቀጥላም እጣኑን ከየት እንደሚገዛ፣ የመልስ መኪናውም ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ነገረችን።