በራቸውን ለከፈቱልን ባለይዞታ የምንሠራው ሥራ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በሰበታ ዙሪያ፣ አንድ አርሶ አደር በይዞታቸው ላይ ያስቆፈሩትን የዓሣ ኩሬ ቅዳሜና እሑድ መንጠቆ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ክፍት አድርገዋል። ከከተማ የምንሄድ ጥቂት አጥማጆች ደግሞ ቦታውን የመጠበቅ ሥራ በፈቃደኝነት ይዘናል። እንዲህ ያለ በር የሚዘጋው ዓሣው ሲያልቅ ሳይሆን ባለይዞታው በእንግዳ ሲማረር ነው ብዬ አጥብቄ ስለማምን ይህን ጻፍሁ።

መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይኸው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ንብረት የራሱ መሆኑንም ይደነግጋል። ስለዚህ ኩሬው፣ በውስጡ ያለው ዓሣና ዙሪያውን ያለው የታጠረ ሣር የእኒህ አባት ድካም ውጤት ነው፤ የምንገባውም በእርሳቸው ፈቃድ ብቻ ነው።

በአሜሪካ በሞንታና ግዛት ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል መሬታቸውን ለአዳኞች የሚከፍቱ ባለርስቶች ከግዛቱ አስተዳደር ጋር ተዋውለው፣ ከአደን ፈቃድ ሽያጭ ከሚገኝ ገንዘብ ድጋፍ ያገኛሉ። በእኛ አገር አደን ያለ ፈቃድ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ የእኛ ጉዳይ ዓሣ ብቻ ነው። በባለይዞታውና በአጥማጁ መካከል የሚቆም ሌላ አካል በሌለበት ግን ያንን ክፍተት የሚሞላው በጎ ፈቃደኛ ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ማጥመጃ ትል የሚፈልግ እንግዳ መጀመሪያ የሚቆፍረው እርጥቡን የኩሬውን ግድብ ነው፤ ግድቡ በየቦታው ሲቦረቦር ደግሞ በክረምት ውኃው ይሸረሽረዋል። ስለዚህ የሚመጣውን ሰው ሁሉ በረቱ አጠገብ ወዳለው የአዛባ ክምር እንወስደዋለን፤ ትሉ እዚያ ይበዛል። ከዚህ የከፋው የናይለን ክር ነው። ክሩ ስለማይበሰብስ ተበጥሶ ሣር ውስጥ ከቀረ በከብት እግር ላይ ይጠመጠማል። ባለይዞታው አንድ ጥጃ አጋድመው፣ ከኮቴው በላይ ቆዳው ውስጥ የገባውን ክር በምላጭ ጫፍ እየነቀሱ ሲያወጡ አይቻለሁ፤ ያን ዕለት በሩን ቢዘጉብን ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። አሁን እያንዳንዱ አጥማጅ ሲገባ ባዶ የውኃ ጠርሙስ እንሰጠዋለን፤ የተበጠሰውን ክር በላዩ ጠምጥሞ ሲወጣ ያስረክበናል። አዝመራ እንዳይረገጥ መንገዱን በድንጋይ አመልክተናል፤ የከብቶቹን በርም እንዘጋለን። ባለይዞታው አንድ ጊዜ «ልጆቼ፣ እናንተ ካላችሁ እኔም ወደ እርሻዬ እሄዳለሁ» ብለውን ነበር፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም።

ስለ ዓሣውም እንነግራለን። በኩሬው ያለው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሙቀት የሚወድ ዓሣ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ደጋ ዕድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ ትንሹን መልቀቅ ግድ ነው። ሴቷ ደግሞ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይደበቃሉ። አገጯ ሥር አብጦ የታየች ዓሣ ብትያዝ እጃችንን አርጥበን መንጠቆውን በቀስታ አውጥተን ወዲያው እንመልሳታለን።

ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ቀዳዳው የጠበበ መረብ ሸሽጎ ለመግባት የሚሞክርም አይጠፋም። በዚያ ወቅት በር ላይ ሁለት ሰው እናቆማለን፤ መረብ የያዘ ሰው መረቡን ለባለይዞታው አስቀምጦ በመንጠቆ ብቻ ይገባል።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ከማሳው የሚወርደው ጎርፍ ኩሬውን በደለል እንዳይሞላው በላይኛው በኩል ቦይ ቆፍረን በጠርዙ ሥሩ አፈር የሚይዘውን የቬቲቨር ሣር ለመትከል ከባለይዞታው ጋር ተስማምተናል። ችግኙ ተገኝቷል፤ የጎደለን ዶማና አካፋ የሚይዝ ሰው ነው። ለማገዝ የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ኑ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ ተጣሩና እስኪፈቀድላችሁ ጠብቁ።