«ወፍ ያለ ቪዛ ይሄዳል» ለምትሉ

ከአገር ቤት ከሚደርሱኝ መልእክቶች ሁሉ እንደዚህ የሚያናድደኝ የለም፦ «ወፍ እንኳ ያለ ፓስፖርትና ያለ ቪዛ አገር ያቋርጣል፤ ሰው ከወፍ ያንሳል እንዴ?» ወጣቶች በየፎቶው ሥር ይጽፉታል፤ ደላሎችም ይወዱታል። እኔ የምኖረው ጀርመን፣ ብራንደንቡርግ ውስጥ፣ ከኤልበ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። አካባቢው የሽመላ አገር ስለሆነ፣ የወፍ ስደት ከተነሣ የምለው አለኝ።

እዚህ ሽመላ ክብሩ ትልቅ ነው። ሰዎቹ ጎጆውን የሚሠራበት መደብ በጣራቸው ላይ ያዘጋጁለታል። ሩሽቴት በሚባለው መንደር ጎጆ ያለበት ቤት ሰሌዳ አለው፤ ሽመላዎቹ መቼ እንደደረሱ፣ ስንት ጫጩት እንዳሳደጉ በየዓመቱ ይጻፍበታል። ጀርመኖች የማይመዘግቡት ነገር የለም። በእኛ አገር ስንቱ ሰው የራሱን ልደት «ዝናቡ የጠፋ ዓመት» ብሎ ነው የሚናገረው።

አንድ መጋቢት የመጀመሪያው ሽመላ ደረሰ ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ወፉ ጎጆው ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን እስከ ጀርባው ቆልምሞ ምንቃሩን ያንቋቋል፤ ሽመላ አይዘምርም፣ ሰላምታው ይኸው ነው። አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ሽመላችን ከአፍሪካ ወደ ቤቱ ተመለሰ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንቺስ ወደ ቤትሽ የምትመለሺው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ክፋት አልነበረባቸውም፤ የጎዳኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢናገረኝ መልስ አላጣም ነበር። ያ ወፍ የዓመቱን እኩሌታ አፍሪካ ውስጥ አንበጣ እየለቀመ ያሳልፋል፤ የዚህን አገር ጨለማና በረዶ አያውቀውም። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የእናቶቻቸውን ገላ ሳጥብ፣ ሌሊት ሲጨንቃቸው እጃቸውን ይዤ ሳድር፣ ልጆቻቸው ያልደረሱበትን ቀብር ስሸኝ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም ሽመላው የቤት ልጅ፣ እኔ እንግዳ። «እሱ እኮ የእኛም ነው፤ ግማሹን ዓመት የሚያበላው የእኛ መሬት ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው አሰቡበትና ቡና ጋበዙኝ። ቶናና በረካ በማያውቅ አገር አንድ ስኒ ጠጥቶ መነሣት እስካሁን አይዋጥልኝም፤ ያን ቀን ግን አብረን ብዙ ተቀመጥን።

አሁን ወደ ወፉ ልመለስ። ሽመላ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ረጅሙን መንገድ ግን እያርገበገበ አይዘልቀውም። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ወደ ላይ የሚነሣውን አየር ይዞ እየዞረ ከፍ ይላል፤ ከዚያ እየተንሳፈፈ ወደፊት ይወርዳል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሜዲትራንያንን በመሐል አቋርጦ አይሄድም፤ ይዞረዋል። የምዕራቦቹ በጅብራልታር፣ ከእኛ ሰፈር የሚነሡት አብዛኞቹ ደግሞ በቦስፎረስ በኩል ቱርክን፣ ሶርያን፣ እስራኤልን አልፈው፣ ሲናን ተሻግረው፣ ዓባይን ይዘው ሱዳን ይገባሉ። ቀጥተኛው መንገድ ያጥራል፤ ሽመላው ግን የሚያዋጣውን ያውቃል። ክንፍ ያለው ፍጡር የሚሸሸውን ባሕር ነው ዋና የማይችሉ ልጆቻችን በጎማ ጀልባ የሚገቡበት።

በራሳችን ደጃፍም ይኸው አለ። መስከረም ካለፈ በኋላ፣ ከእስያና ከአውሮፓ የሚመጡ ንስሮችና ጭልፊቶች ከየመን ወደ ጅቡቲ በባብ ኤል መንደብ ይሻገራሉ። በፈረንጆች 1987 በአንድ ወቅት ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ተቆጥረዋል። እዚያን የመረጡት ባሕሩ ስለሚጠብ፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው፤ የሚሻገሩትም በቀን ነው። ከዚያው ዳርቻ፣ ከኦቦክ፣ የእኛ ልጆች በጨለማ በታጨቀ ጀልባ ወደ የመን ይሄዳሉ። መነሻውን ሰዓት የሚቆርጠው ተጓዡ አይደለም፤ ገንዘቡን አስቀድሞ የተቀበለው ሰው ነው።

ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ወፍ የለም ማለቴ አይደለም። በ2022 አንድ ረጅም ምንቃር ያለው የባሕር ዳርቻ ወፍ ከአላስካ ተነሥቶ የትም ሳያርፍ 13,560 ኪሎ ሜትር በርሮ በ11 ቀን ታዝማኒያ ደርሷል። ግን ይህ ዓይነቱ ወፍ ከመነሣቱ በፊት ስቡ የክብደቱን ግማሽ እስኪያህል ይበላል፤ በበረራው የማይጠቅሙትን የሆድ ዕቃዎቹን ሳይቀር ያሳንሳል። ከዚያ ነው የሚነሣው። ጎረቤቱ ስለሄደ ብቻ፣ የእናቱን ከብት አሽጦ፣ ከሚሄድበት አገር ቋንቋ አንድ ቃል ሳይዝ አይነሣም።

«ጓደኞቼ ሁሉ ሄዱ» ለሚለውም ወፉ መልስ አለው። በፈረንጆች 1930ዎቹ ተመራማሪዎች ያኔ የጀርመን ምሥራቃዊ ግዛት ከነበረችው ከምሥራቅ ፕሩሺያ የሽመላ ጫጩቶችን ወደ ምዕራብ ጀርመን አምጥተው አሳደጉ። የአካባቢው ሽመላዎች ከሄዱ በኋላ ለብቻቸው የተለቀቁት፣ መንገዱን ማንም ሳያሳያቸው፣ እንደ ወላጆቻቸው ወደ ደቡብ ምሥራቅ አቀኑ። ከአካባቢው ሽመላዎች ጋር ተቀላቅለው ያደጉት ግን የያዙትን አቅጣጫ ትተው መንጋውን ተከትለው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄዱ። አቅጣጫው በደሙ ያለ ፍጡር እንኳ ሌላው ሲሄድ አይቶ ይሄዳል።

ከሁሉ የማይወጣልኝ ግን ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሽመላ ነው። በፈረንጆች 1822 ከእኛ ግዛት አጠገብ ባለው በሜክለንቡርግ፣ ክሉትስ በተባለች ከተማ አካባቢ ተገኘ። 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን የአፍሪካ ጦር አንገቱን ወግቶት ወጥቷል። ጦሩን እንደተሸከመ ያን ሁሉ አገር በርሮ ደረሰ፤ ሲደርስ ተኩሰው ገደሉት፣ ገለባ ሞልተውም አስቀመጡት። የአውሮፓ ሊቃውንት ሽመላ ክረምቱን የት እንደሚያሳልፍ እርግጠኛ የሆኑበት አንዱ ማስረጃ ይህ ወፍ ነው። ጦሩ የተወጋው እንዴት እንደ ነበር፣ ስንት ሌሊት እንዳመመው የጠየቀ የለም። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። አገር ቤት የምትላከው ፎቶ ላይ ጃኬቱ ይታያል፤ ጦሩ አይታይም። በሊቢያ መጋዘን የታሰረ ልጅ ከደረሰ በኋላ ስለዚያ አያወራም፤ እናቱም «ደረሰ» ብላ ዳቦ ትደፋለች። መንገድ ላይ የቀሩትን የሚመዘግብ ሰሌዳ በማንም ግድግዳ ላይ የለም።

አትምጡ አልልም። እኔ መጥቻለሁ፤ ከዚህ ሆኜ በር ልዝጋባችሁ ብል ነውር ነው። ነገር ግን ይህ አገር ነርስና አረጋውያን ተንከባካቢ ይፈልጋል። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ነው፤ ሠልጣኙ እየተማረ ደመወዝ ይከፈለዋል። የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃና መካከለኛ ደረጃ የደረሰ ጀርመንኛ ነው። ቋንቋውን አዲስ አበባ ተቀምጦ መማር ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፣ ያሰለቻል፣ ኤምባሲ ደጃፍ ያቆማል፤ የሚያስገባው ግን በአውሮፕላን ነው።

የእህቴ ልጅ በሊቢያ ሊወጣ ደላላ አግኝቶ ነበር። የቋንቋ ትምህርቱን እስኪጨርስ እኔ እከፍላለሁ፣ ለደላላው ግን አንድ ብር አልልክም አልኩት። እህቴ «አንቺ ደርሰሽ የልጄን መንገድ ታሰናክያለሽ» ብላ ከተቀየመችኝ ሰንብታለች። የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ልኬያለሁ፤ ትምህርቱ ሰኞ ይጀመራል።